ባንዲራ ያዥ የሆንሁባቸው ዓመታት

ሥራ የጀመርሁት ደባርቅ ከነበረው የመንገድ ጥገና ካምፕ ነው፤ በረዳት ኦፕሬተርነት። በመጀመሪያው ቀን መሪ አላስነኩኝም። ፎርማኑ ጋሽ ዘውዱ አንድ ቆርቆሮ ግሪስና አሮጌ ጨርቅ ሰጥተውኝ የመንገድ መደልደያ ማሽኑን፣ የግሬደሩን፣ መገጣጠሚያዎች ስቀባ ዋልሁ። ማታ ሲመጡ ሃያ ሦስት ናቸው አልኋቸው። ሃያ አራት ናቸው፤ የቀረችውን ሳታገኝ አትሂድ ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። በአራት እግሬ ከማሽኑ ሆድ ሥር ገብቼ አገኘኋት።

በዚያው ቀን የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ቅጽ ሞላልኝ። የአባት ሥራ የሚለው ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። ገበሬ አልሁት።

ውሸት ነበር። አባቴ ዳባት ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። አገራችንን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ማረሻውን የሚሠራው እሱ ነው፤ ማጭዱንም የሚሠራው እሱ ነው፤ ከሰው ማዕድ ግን አይቀርብም። ልጅ ሳለሁ ወደ ቄስ ትምህርት ስሄድ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላቸው ይሸፍኑብኝ ነበር። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲስም ከቅጥሩ በር አልፎ አይገባም። ማንም አትግባ አላለውም፤ ግን የሚቆምበትን ድንጋይ ሁሉም ያውቀዋል። አብዮቱ ሲመጣ ባለእጅን መስደብ ቀረ ተብሎ በስብሰባ ተነገረ። ስድቡ በርግጥ ቀነሰ። ነጠላው ግን አልተነሣም።

እንግዲህ ካምፑ ለእኔ ማምለጫ ነበር። ደባርቅ ማንም አያውቀኝም። በሥራዬ ብቻ ልታወቅ ቆረጥሁ።

ጋሽ ዘውዱ ጥሩ አስተማሪ ነበሩ። አፈር የሚገፋውን የግሬደሩን ምላጭ እንዴት እንደማጋድል፣ ቦይ እንዴት እንደማወጣ፣ የመንገዱን ጀርባ እንዴት እንደማነሣ አሳዩኝ። መንገድ እንደ በሬ ጀርባ መሐሉ ካልተነሣ ውሃ ይተኛበታል፤ ውሃ የተኛበት መንገድ ደግሞ ክረምቱን አያልፍም። ሠርቼ ስጨርስ እሳቸው በጣሳ ውሃ ያመጡና መሐሉ ላይ ያፈሱታል። ግማሹ ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ከሄደ ዝም ብለው ይሄዳሉ። ካልሄደ ድገመው ይላሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደገምሁ። በሦስተኛው ዓመት ዝም ብለው መሄድ አበዙ፤ ኦፕሬተርም ተባልሁ።

የካምፑ ኃላፊ ጓድ ሲሳይ የሚባሉ ሰው ነበሩ። የውይይት ክበቡንም የሚመሩት እሳቸው ናቸው። በየዓመቱ በሠራተኞች መካከል ውድድር ይደረጋል፤ በኪሎ ሜትር ብዛት፣ በነዳጅ ቁጠባ፣ በማሽን አያያዝ። ያሸነፈው ኮከብ ሠራተኛ ይባልና ፎቶግራፉ ከካምፑ በር ላይ በመስታወት ውስጥ ይሰቀላል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስመረጥ ፎቶ አንሺው ከጎንደር መጣ። ጓድ ሲሳይ አንገቴ ላይ ያለችውን ማተብ አዩና በለሰለሰ ድምፅ፣ ለሠራተኛው አርአያ ነህና ብታስብበት ጥሩ ነው አሉኝ። ብዙም አላሰብሁበትም። በምላጭ ቆርጬ ኪሴ ከተትኋት። የት እንደጣልኋት ዛሬም አላውቅም።

ተከታትዬ ሦስት ዓመት ኮከብ ሆንሁ። እሑድ እሑድ፣ ሌላው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ እኔ በበሩ በኩል አልፍና የፎቶግራፌን መስታወት በእጅጌዬ እጠርገዋለሁ። ሰው ሲያልፍ ደግሞ ጫማዬን የማሥር እመስላለሁ።

ከዚያ ዘመን በጣም የማፍርበትን ልንገራችሁ። አንድ ቅዳሜ ግሬደሩን ይዤ በዳባት ገበያ በኩል አለፍሁ። አባቴ ከመንገዱ ዳር ማረሻዎቹን ደርድሮ ተቀምጧል። አየኝና እጁን አነሣ። እኔ ዓይኔን ምላጩ ላይ ተክዬ አለፍሁት። ዳባት ከደባርቅ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ከዚያ ቀን በኋላ አራት ዓመት ሙሉ አልሄድሁም።

አደጋ የደረሰብኝ በክረምት፣ ሊማሊሞ ላይ ነው። በሰሜን በኩል ጦርነት ስለነበር ወታደር የጫኑ መኪኖች በዚያ ቁልቁለት ይመላለሱ ነበር። ሌሊቱን የወረደ ናዳ አንዱን መታጠፊያ ዘጋውና በማግስቱ እስከ ቀትር እንዲከፈት ትእዛዝ መጣ። ጋሽ ዘውዱ መሬቱን በእግራቸው መትተው ካዩ በኋላ፣ ውስጡ ውሃ ጠጥቷል፤ ከጠርዙ ራቅ ብለህ በትንሽ በትንሹ ግፋው አሉኝ። እንዲህ ከሆነ ለቀትር አይደርስም። ጓድ ሲሳይ ሰዓታቸውን፣ ከዚያም እኔን አይተው፣ «ጓድ ፈንታሁን ካልቻለው ማን ይችለዋል?» አሉ።

ጠርዙ ላይ ውጣ አላሉኝም። እውነቱን መናገር አለብኝ። የወጣሁት ያቺ ቃል ጣፍጣኝ ነው።

ሦስተኛውን ግፊት ስገፋ የኋላ ጎማው ሥር መሬቱ ለቀቀ። ዘለልሁ። ግሬደሩ እየተንከባለለ ሲወርድ ድምፁ ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር። እኔ ከድንጋይ ላይ ወድቄ ቀኝ እግሬ ከጉልበቴ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ጎንደር ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ መርማሪዎች መጡ። የመንግሥት ማሽን ጠፍቷልና ሥራው አሻጥር ነው ወይ የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ሰው ያስበላ ነበር። ያዳኑኝ ጋሽ ዘውዱ ናቸው። መሬቱ እንደሚከዳ ቀድሜ ነግሬው ነበር፤ የሮጠው ለማጥፋት ሳይሆን ለመመስገን ነው ብለው በጽሑፍ መሰከሩልኝ። ቃሉ ሲነበብልኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ። ከዚያ የበለጠ እውነት ስለ እኔ ተናግሮ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከአራት ወር በኋላ እያነከስሁ ካምፕ ስመለስ መስታወቱ ውስጥ የሌላ ሰው ፎቶግራፍ አለ። የኦፕሬተርነት ደረጃዬ ተነሥቶ ባንዲራ ያዥ ሆንሁ። ከደባርቅ ወደ ዳባት ሲወጣ ግማሹ በጎርፍ የተበላ አንድ መታጠፊያ ነበር፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ መኪና በላይ አያሳልፍም። እዚያ ካለች ድንጋይ ላይ ቆሞ ከሁለቱም በኩል የሚመጣውን ማየት ይቻላል። ሥራዬ ቀይና አረንጓዴ ባንዲራ ይዞ እዚያ መቆም ሆነ።

ሹፌሮቹ ያውቁኛል። አንዳንዱ በሐዘን ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። አንዱ የእህል ጫኝ ሹፌር ግን ሁልጊዜ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ኮከቤ፣ ልለፍ?» ይለኝ ነበር። ባርኔጣዬን ዓይኔ ድረስ ዝቅ አደርጋለሁ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ሆኜ፣ ምነው በዚያን ቀን ከግሬደሩ ጋር በወረድሁ ብዬ ያሰብሁባቸው ቀናት ነበሩ። የሚሠራ ከሆነ ሰው ሰው ነው፤ ካልሠራ ምንም ነው ብዬ ራሴን ያስተማርሁት እኔው ስለነበርሁ በምንም ልከራከር አልቻልሁም።

ከመታጠፊያው በታች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አለች። የሚያገለግሉት ቄስ አድማሱ ቤታቸው ከመንገዱ በላይ ስለሆነ ጧትና ማታ በእኔ በኩል ያልፋሉ። አንድ ጧት ቀዩን ባንዲራ እንደዘረጋሁ ከፊቴ ቆሙ። ከታች አንድ አውቶቡስ እየመጣ ነበር። ባንዲራው ለመኪና ነው፣ እርስዎ ይለፉ አልኋቸው።

«ቀይ ነው እኮ» አሉኝ፤ ቆመውም አውቶቡሱን ጠበቁ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንደዚሁ ያደርጉ ጀመር። የሚያላግጡብኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳያቸው ግን ዓይናቸው አያላግጥም። ሥራዬን እንደ ሥራ የቆጠሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ቀስ በቀስ መነጋገር ጀመርን። እግሬን ጠየቁኝ፤ ስለ አደጋው ነገርኋቸው። ከኮከብነቱ ጀምሬ ሁሉንም ተረክሁላቸው፤ አሁን ባንዲራ ብይዝም ማን እንደነበርሁ እንዲያውቁልኝ ፈልጌ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ስሜን ጠየቁኝ።

«ፈንታሁን ነኝ፤ ነግሬዎታለሁ።»

«እርሱንማ ሹፌሩም ያውቀዋል። በጸሎት የማነሣህ በክርስትና ስምህ ነው። እርሱ ማነው?»

ጠፍቶብኝ ነበር። የማሽኑን መገጣጠሚያዎች አንድ በአንድ መጥራት እችላለሁ፤ የነዳጅ ፍጆታዬን እስከ ሊትሩ አውቃለሁ። የተጠመቅሁበት ስም ግን ከአእምሮዬ ወጥቷል። ቄሱ አልገረማቸውም። የሚያውቀው ማነው ብለው ጠየቁኝ። እናቴ ሞታለች፤ የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነው አልኋቸው። «እንግዲያ ሂድና ጠይቀው» ብለው ወረዱ።

ለመሄድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

አባቴ ወናፉን ሲነፋ ደረስሁ። ከእግሬ ጀምሮ ወደ ላይ አየኝ። መሰበርህን ሰምቼ ሆስፒታል ድረስ መጥቼ ነበር፤ ከበሩ ላይ ምኑ ነህ ሲሉኝ ታፍርብኝ እንደሆነ ብዬ ተመለስሁ አለኝ። ይህን የተናገረው ያለ ወቀሳ ነው፤ የመንገዱን ሁኔታ እንደሚነግር ሰው። ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ያዝሁ። በገበያው በኩል ያለፍሁበትን ቀን አነሣሁለት። አስታውሳለሁ ብሎ ብረቱን ወደ እሳቱ መለሰው።

ከዚያ ስሜን ጠየቅሁት። ሥራውን አቁሞ ተቀመጠ።

«ወልደ አማኑኤል ነህ» አለኝ። «አርባ ቀንህ ሲሞላ ክርስትና አባት የሚሆንህ ጠፋ። የቀጥቃጭ ልጅ ማን ያንሣ። ሁለት ቀን ዞሬ አንድ መነኩሴ አገኘሁና ለመንሁት። እሱ አቀፈህ። ያን ቀን ቅጥሩን አልፌ ገባሁ።»

«አባቴ፣ እንዴት ቻሉት? ዕድሜ ልክዎን ሲንቁዎት?»

«ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራኝ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ምን ብሎ እንደሚጠራኝም አውቃለሁ። ማረሻ ባማረልኝ ቀን እርሱ ስሜን አልጨመረልኝም፤ በተበላሸብኝም ቀን አልቀነሰብኝም። አንተንም በስምህ ሲጠራህ አርባ ቀንህ ነበር። እጅህ ገና ምን ሠርቶ ነበር?»

ያን ቀን ወናፉን እየነፋሁለት ዋልሁ።

ስመለስ ስሜን ለቄስ አድማሱ ነገርኋቸው፤ ንስሐም ገባሁ። ስግደት እንዳያዝዙኝ እግሬ አይታጠፍም። ስለዚህ ሌላ ቀኖና ሰጡኝ። በየቀኑ በዚህ መታጠፊያ ከሚያልፉት የአንዱን ስም ጠይቅና ጸልይለት አሉ። ቀላል መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ የጠየቅሁት ያን የእህል ጫኝ ሹፌር ነው። ደንግጦ ስሙን ነገረኝ፤ ለምን እንደምጠይቅ ስነግረው ደግሞ ልጁ ወደ ጦር ሜዳ ተወስዶበት እንደነበረ አጫወተኝ። ከዚያ ወዲያ ኮከቤ ብሎኝ አያውቅም።

የጾሙ ወራት ካለቀ በኋላ በአንድ እሑድ ከምእመናኑ ጋር ተሰለፍሁ። ከፊቴ የነበሩት አንድ ባለጠጋ ገበሬ ነበሩ፤ ከኋላዬ አንዲት ሸክላ ሠሪ ቆማለች። ቄስ አድማሱ ሥጋ ወደሙን ሲያቀብሉ ለሁሉም ያው ጥያቄ ነው፤ ስምህ፣ ስምሽ። ማንም ማዕረጉን አልተጠየቀም። ተራዬ ሲደርስ ወልደ አማኑኤል አልሁ። ወልድ ማለት ልጅ ማለት እንደሆነ ከቄስ ትምህርት ቤት ጀምሮ አውቃለሁ። የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ልጅነት በውድድር አይገኝም፤ በምርመራም አይሻርም። እንባዬ መጣና በጋቢዬ ሸፈንሁት።

ሰኞ መዝገብ ቤት ሄጄ የአባቴን ሥራ እንዲያርሙልኝ ጠየቅሁ። ጸሐፊው ምን ለውጥ ያመጣል ብሎ ተገርሞ ገበሬ የሚለውን ሰርዞ ቀጥቃጭ ብሎ ጻፈው።

ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ባንዲራ ያዝሁ። አድካሚ ሥራ ነው፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ የተሰበረ እግር ደግሞ ዝናብ ከመምጣቱ አንድ ቀን ቀድሞ ይነግርሃል። ግን ባርኔጣዬን ዝቅ ማድረግ ተውሁ። በዚያ መታጠፊያ በእኔ ጊዜ መኪና አልተጋጨም። ይህን ስናገር ደስ ይለኛል። ቢጋጭም ኖሮ በእግዚአብሔር ዘንድ ያለኝ ስም ያው እንደሚሆን ማወቄ ግን የበለጠ አሳርፎኛል።

ከዚያ ኦፕሬተር ጠፋ። አንዳንዱ ዘመተ፤ ጋሽ ዘውዱም ጡረታ ወጡ። እያነከስሁም ቢሆን ወደ ግሬደር ተመለስሁ። እግሬ እንዲደርስ ፔዳሉ ላይ አንድ እንጨት ተቀጥሎለት ነበር።

በሁለተኛው ክረምት እንደገና ሊማሊሞ ላይ ናዳ ወረደ። ቦታው ሌላ ነው፤ ነገሩ ግን ያው ነበር። ትልልቅ እንግዶች ያልፋሉ ተብሎ እስከ ቀትር እንዲከፈት ታዘዘ። ወርጄ በጠርዙ በኩል መሬቱን በዶማ ወጋሁት። ዶማው ያለ ኃይል ገባ። ከውስጥ በኩል በቀስታ ልሥራው፤ ለነገ ጧት ይደርሳል አልሁ። ጓድ ሲሳይ ዛሬ ነው የተባለው አሉ።

«ጠርዙ ላይ አልወጣም፣ ጓድ።»

«እምቢታህ ይመዘገባል። ያለፈው ፋይልህም አልተዘጋም፤ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ይመዝገብ።»

ፍርሃት አልነበረብኝም ብል ውሸት ይሆናል። ግን ድሮ ካልቻለው ማን ይችለዋል ሲሉኝ በውስጤ የቀለጠው ነገር በዚህ ጊዜ አልቀለጠም። የሚወስዱብኝ ደረጃዬን ነው፤ ምናልባትም ሥራዬን፤ ከዚያም የባሰ ሊሆን ይችል ነበር። ስሜን የሰጡኝ እሳቸው አልነበሩም።

ጓድ ሲሳይ ማሩ የሚባል ሌላ ኦፕሬተር አስጠሩ። ማሩ የሁለት ልጆች አባት ነው። ያየሁትን ነገርሁት፤ ዶማውን አሳየሁት። አየው፣ ጓድ ሲሳይንም አየ፣ ወጣ። እኔ ዝናቡ ውስጥ ቆሜ በእያንዳንዷ ግፊት ስሙን እየጠራሁ ጸለይሁለት። ከቀትር በፊት ጨረሰ። ጠርዙ አልወደቀም። ያን ክረምት ሙሉ አልወደቀም። ወድቆ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ ማውራት ይቀልለኝ ነበር።

ማሩ ከግሬደሩ ሲወርድ አቀፍሁት። ልቤን መረመርሁት፤ ደስታው እውነተኛ ነበር። ሰውየው በሕይወት ተመልሷል። የተሳሳትሁት እኔ መሆኔ ደግሞ ተረጋግጧል፤ ቢያንስ እዚያ ለቆሙት ሁሉ። የድሮው ፈንታሁን ይህን አይችልም ነበር፤ ጠርዙ እንዲናድ ይመኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ማሩ ኮከብ ተባለ። እኔ ከደመወዜ አንድ እርከን ተቀንሶ ወደ አምባ ጊዮርጊስ የጥገና ቡድን ተዛወርሁ። መንግሥት ተለውጦ ሌላ መንግሥት ሲመጣም እዚያው ነበርሁ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው። ዳባት ቅርብ ስለሆነ አባቴን እስከ ዕለተ ሞቱ እሑድ እሑድ አየው ነበር። ቅዳሴ አብረን ነበር የምንሄደው።

አሁን በሥራው ላይ ያላችሁ ወጣቶች፣ ሥራችሁን በደንብ ሥሩ። ውሃ የጠጣ መሬት ላይ ለማንም ብላችሁ አትውጡ። ሽልማት ሲመጣ ተቀበሉና ወደ ቤታችሁ ሂዱ። የሰው ዋጋ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፤ በሥራ አይጨምርም፣ አይቀንስም። እኔ ይህን ለማወቅ አንድ ግሬደርና አንድ እግር ፈጅቶብኛል።